ለሃርሊ ትዊን ካም ካምሻፍት ስትመርጡ፦ ከሊፍት በፊት የሚታየው ቁጥር

ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ፣ ባጭሩ ካም) መቀየር ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ፈረስ ይጨምርልኛል?" ብሎ ነው። ካታሎግ ሲያገላብጥ ደግሞ ዓይኑ ሊፍት ላይ፣ ማለትም ቫልቩ በሚነሳበት ከፍታ ላይ ያርፋል። ቫልቩ ከፍ ብሎ ከተከፈተ ብዙ አየር ይገባል፤ ብዙ አየር ከገባ ጉልበት ይጨምራል። ነገሩ እውነት ነው። ግን ብዙ ሞተር የተበላሸው ይህን ብቻ ይዞ በመሮጥ ነው። ተበላሸ ስል ተሰበረ ማለቴ አይደለም። ገንዘብ ወጥቶበት፣ ተፈቶ ተገጥሞ፣ መንገድ ሲወጣ ከበፊቱ የደከመ ማለቴ ነው።

ካታሎግ ላይ ቀድሞ መታየት ያለበት አየር የሚያስገባው ኢንቴክ ቫልቭ የሚዘጋበት ዲግሪ ነው። የሚከፈትበት አይደለም፣ የሚዘጋበት። እዚህ የምዘረዝራቸው ደረጃዎች በሙሉ ከዚያ ቁጥር ጋር የተያያዙ ናቸው።

ምሳሌ የማደርገው የሃርሊ ዴቪድሰንን ትዊን ካም ነው። በ1999 ሞዴል (በፈረንጆች) የወጣ፣ ሁለት ሲሊንደርና ሁለት ካምሻፍት ያለው የሞተር ሳይክል ሞተር ነው። በ2017 ሞዴል ሚልዋኪ ኤይት የተባለው አዲሱ የሃርሊ ሞተር ሊተካው እስኪጀምር ድረስ ስለተሠራ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለው ሞልቷል። ካም የሚሠሩለት ድርጅቶችም ብዙ ናቸው፤ ምርጫው ራስ የሚያዞረው ለዚህ ነው። ሌላ ሞተር ያላችሁም አካሄዱ አንድ ነው፤ የሚለያዩት ቁጥሮቹ ናቸው።

1. የምትነዱበትን ዙር እወቁ

ካታሎግ ከመክፈታችሁ በፊት ለጥቂት ቀን የዙር መቁጠሪያውን እያያችሁ ንዱ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ እሁድ ደግሞ ረጅም መንገድ። አብዛኛውን ጊዜ መርፌው የት ነው? ባለ ስድስት ማርሽ ትዊን ካም 96 (88፣ 96፣ 103 የሚሉት ቁጥሮች የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ናቸው) ሀይዌይ ላይ በተለመደው ፍጥነት በደቂቃ ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር መካከል ይውላል። ሞተሩ የሚቆረጠው 5,500 አካባቢ ነው። እዚያ የምትደርሱት ስንቴ ነው? እውነቱን ለራሳችሁ ንገሩ።

መልሳችሁ "ከ2,000 እስከ 4,000" ከሆነ፣ 5,500 ላይ ከፍተኛ ፈረስ የሚሰጠው ካም የእናንተ አይደለም። ጓደኛችሁ ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ) ላይ ያወጣው ወረቀት ምንም ያህል ቢያስቀና። ቱሪንግ በሚባለው ከባድ የረጅም መንገድ ሃርሊ ላይ ሻንጣ ጭኖ፣ ሰው አፈናጥጦ የሚሄድ ሰው የሚፈልገው ከታች የሚነሳ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ነው። ዳይና የሚባለውን ቀለል ያለ ሃርሊ ይዞ ማርሹን እየጎተተ የሚጫወት ሰው ደግሞ ወደ ላይ የሚሄድ ካም ቢመርጥ አልፈርድበትም።

2. የካሙን ካርድ ማንበብ ተማሩ

እያንዳንዱ ካም ዝርዝሩ የተጻፈበት ካርድ አለው። አራት ዲግሪዎች ታገኛላችሁ፦ ኢንቴክ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት፣ ጭስ የሚያስወጣው ኤግዞስት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት። ሁሉም የሚቆጠሩት ፒስቶኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ በክራንክሻፍቱ ዲግሪ ነው። የቀረውን ከእነዚህ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ።

ምሳሌ ልስጥ። ኢንቴኩ ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ሊደርስ 10 ዲግሪ ሲቀረው ይከፈታል፣ ታችኛውን ጫፍ ካለፈ ከ30 ዲግሪ በኋላ ይዘጋል እንበል። 10 ሲደመር 180 ሲደመር 30፣ 220 ዲግሪ። ዱሬሽን የሚባለው ይህ ነው፤ ቫልቩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት። ኤግዞስቱ ደግሞ ታችኛው ጫፍ ሊደርስ 50 ሲቀረው ተከፍቶ ላይኛውን ካለፈ 10 ላይ ቢዘጋ፣ 240 ነው። ሁለቱም ቫልቮች አብረው ክፍት የሚሆኑባቸው 10 እና 10፣ ጠቅላላ 20 ዲግሪ፣ ኦቨርላፕ ይባላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ዱሬሽን የሚለካው ቫልቩ ወይም ታፔቱ (ካሙ ቀጥታ የሚገፋው ክፍል) ትንሽ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ግን "ትንሽ" ስንት እንደሆነ ሁሉም አይስማሙም። በሃርሊ ዓለም የተለመደው 0.053 ኢንች (1.35 ሚሊሜትር) ነው። ሌሎች በ0.050 ኢንች ይለካሉ፣ ጃፓኖች ብዙ ጊዜ በ1 ሚሊሜትር። አንዳንዱ ሻጭ ደግሞ ቫልቩ ገና ንቅንቅ ሲል ጀምሮ ይቆጥርና ካሙ ትልቅ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ሁለት ካም ስታወዳድሩ የተለኩበት ከፍታ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ ማወዳደሩን ተዉት።

ስሙም አያታልላችሁ። የካም ሠሪው ኤስ ኤንድ ኤስ 509 እና 585 ስማቸውን ያገኙት ከሊፍታቸው ነው፤ 0.509 እና 0.585 ኢንች። የሌላው ሠሪ የአንድሪውስ 26 ወይም 37 ግን የካታሎግ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሊፍትም ዲግሪም አይነግራችሁም።

3. የኢንቴኩን መዝጊያ ከኮምፕሬሽን ጋር አጋጥሙ

ዋናው እዚህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ፒስቶኑ ታችኛው ጫፍ ደርሶ ወደ ላይ ሲመለስ ኢንቴክ ቫልቩ ወዲያው አይዘጋም። ምክንያት አለው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር የሚገባው አየር በራሱ ግፊት እየተንደረደረ ስለሆነ፣ ፒስቶኑ መውጣት ከጀመረም በኋላ መግባቱን ይቀጥላል። ቫልቩ ዘግየት ብሎ ሲዘጋ ያ ተጨማሪ አየር ይያዛል። ከላይ ያለው ፈረስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ግን አየሩ ያን ያህል ግፊት የለውም። ቫልቩ ዘግይቶ ሲዘጋ ፒስቶኑ የገባውን ቅልቅል መልሶ ወደ ኢንቴኩ ይገፋዋል። የገባው ይወጣል፣ የሚጨመቀው ያንሳል፣ ጉልበት ይጠፋል።

በቁጥር እንየው። ትዊን ካም 96 ከፋብሪካ ሲወጣ ኮምፕሬሽኑ 9.2 ለ 1 ነው። ይህ የወረቀት ኮምፕሬሽን ነው፤ ፒስቶኑ ከታች እስከ ላይ ያለውን መንገድ በሙሉ እንደሚጨምቅ አድርጎ ይቆጥራል። እውነተኛው መጨመቅ የሚጀምረው ግን ቫልቩ ሲዘጋ ነው። መዝጊያው 30 ዲግሪ ከሆነ እስከዚያ ድረስ ፒስቶኑ ከመንገዱ 5 በመቶ ያህሉን ወጥቷል፤ ሞተሩ በተግባር የሚሠራበት ኮምፕሬሽን ወደ 8.8 ይወርዳል። መዝጊያው 45 ሲሆን 11 በመቶው አልፏል፤ ኮምፕሬሽኑ 8.3 ይሆናል። ልዩነቱ በወረቀት ትንሽ ይመስላል። ከትራፊክ መብራት ስትነሱ ግን በደንብ ይታወቃችኋል።

በ45 የሚዘጋውን ካም አስገብታችሁ የ30ውን ያህል መጨመቅ ከፈለጋችሁ የወረቀቱ ኮምፕሬሽን ከ9.2 ወደ 9.8 ገደማ መውጣት አለበት። እንዴት? የቴስታታውን (ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋውን ክፍል) ጓርኒሲዮን በቀጭን መቀየር አንዱ መንገድ ነው። ከ1.1 ሚሊሜትር ወደ 0.76 ብትወርዱ 9.4 አካባቢ ትደርሳላችሁ። ግን በፒስቶኑና በቴስታታው መካከል ያለው ክፍተት ከ0.76 ሚሊሜትር እንዳያንስ ለኩ። ቴስታታውን ማስላጥም ይቻላል።

እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው፦ ሲሊንደሩንና ፒስቶኑን ወደ 103 ማሳደግ። የ96ቱ ቀዳዳ 95.25 ሚሊሜትር ነው፣ የ103ቱ 98.4። የክራንክሻፍቱ መንገድ አንድ ስለሆነ ታችኛው ሞተር አይከፈትም። ያው የቴስታታ ጓዳ ብዙ አየር ስለሚጨመቅበት ኮምፕሬሽኑ በራሱ 9.7 አካባቢ ይደርሳል። አንድ ሥራ፣ ሁለት ጥቅም።

ይህን ሁሉ ማድረግ ካልፈለጋችሁ፣ ሞተሩን እንዳለ ትታችሁ ካም ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ፣ ምክሬ አጭር ነው፦ መዝጊያው በ0.053 ሲለካ 30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወይም ከዚያ በታች ያለውን ውሰዱ። ከ40 በላይ የሚዘጋ ካም ኮምፕሬሽኑ ላልተነካ 96 አይመችም።

ወደ ሌላኛው ጫፍ መሄድም አለ። ኮምፕሬሽኑ ከፍ ያለ ሞተር ላይ በጣም ቀድሞ የሚዘጋ ካም ብታስገቡ መጨመቁ ይበዛና ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ በተለይ በሙቀት፣ በጭነት፣ ዝቅ ባለ ዙር ላይ። ከሥራው በኋላ በኮምፕሬሽን መለኪያ ስትለኩ ከ200 ፒኤስአይ በላይ ካገኛችሁና የምትቀዱት ባለ 91 ኦክቴን ቤንዚን ከሆነ ሳትጠነቀቁ አትንዱ። አንዳንዱ ሞተር ሲነሳ ኮምፕሬሽኑን የሚያስተነፍስ ቫልቭ ስላለው፣ ስትለኩ እሱ እንዳይሠራ አድርጉ።

የምትኖሩበት ከፍታም ይቆጠራል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል። ሲሊንደሩ መጀመሪያውኑ የሚያገኘው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ ዘግይቶ በሚዘጋ ካም ከዚያም ላይ መቀነስ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። ከፍታ ላይ ያላችሁ ካታሎጉ ከሚመክረው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ካም ውሰዱ። ኮምፕሬሽን ለመጨመርም ከጠረፍ ሰው ይልቅ ሰፋ ያለ ዕድል አላችሁ፤ ሞተሩ እዚያ ቶሎ አያንኳኳም። ዱባይ ወይም ኩዌት ያላችሁ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱ ስለሚያስቸግር ኮምፕሬሽን ላይ አትድፈሩ።

4. ኦቨርላፑን ከማርሚታው ጋር

ኦቨርላፕ ሲበዛ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ዱብ ዱብ ይላል። ለዚህ ድምፅ ብቻ ብሎ ካም የሚገዛ ሰው አለ። ድምፁ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ጉልበት አይደለም።

ኦቨርላፕ የሚጠቅመው የሚወጣው ጭስ አዲሱን አየር ስቦ ሲያስገባ ነው። ይህ እንዲሆን ማርሚታው በደንብ የታሰበ መሆን አለበት። ሁለቱ ቱቦ ወደ አንድ የሚገቡበት ማርሚታ ለመንገድ ካም ጥሩ ጓደኛ ነው። ባዶ ቱቦ ብቻ የተገጠመለት ሞተር ላይ ትልቅ ኦቨርላፕ ስትጨምሩ ግን ጭሱ ተመልሶ ይገባል፣ ሞተሩም ልክ በምትነዱበት 2,500 እና 3,000 ዙር መካከል ይሞታል። ማርሚታችሁን የማትቀይሩ ከሆነ ትንሽ ኦቨርላፕ ያለው ካም ይሻላችኋል።

5. ሊፍት፦ አሁን ተራው ደረሰ

ሊፍት ላይ የሚነሳው ጥያቄ "ስንት ይበቃል?" ሳይሆን "የኔ ቴስታታ ስንት ይችላል?" ነው። ከ1999 እስከ 2004 የነበሩት የትዊን ካም የቫልቭ ሞላዎች እና ከ2005 ጀምሮ የገቡት ወደ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱት ሞላዎች አቅማቸው አንድ አይደለም። ካም ሻጮች ብዙ ጊዜ ለፊተኞቹ 0.510 ኢንች፣ ለኋለኞቹ 0.550 አካባቢ ወሰን ያደርጋሉ። ግን ሞተራችሁን ከናንተ በፊት ማን እንደነካካው አይታወቅም። ስለዚህ ልኩ።

አለካኩ ይህ ነው። ሞላው ቫልቩ ሲዘጋ ያለውን ቁመት ውሰዱ። ሙሉ በሙሉ ታፍኖ ቀለበቶቹ ሲነካኩ ያለውን ቁመት ቀንሱ። ከዚያ የካሙን ሊፍት ቀንሱ። ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር መትረፍ አለበት። ለምሳሌ የተገጠመበት ቁመት 45፣ የታፈነበት 30 ቢሆን 15 ሚሊሜትር መጫወቻ አለው። 0.509 ኢንች ማለት 12.9 ሚሊሜትር ነው፤ 2.1 ይተርፋል፣ ይሠራል። 0.585 ደግሞ 14.9 ነው፤ 0.1 ብቻ ይተርፋል። ያንን ካም ያለ አዲስ ሞላ ማሰብ አይቻልም። የሞላው መያዣ ከቫልቭ ጋይዱ ላስቲክ ጋር እንዳይጋጭም እዚያም ላይ 1.5 ሚሊሜትር ይተው።

ቀጥሎ ቫልቩ ከፒስቶኑ ጋር። ፒስቶኑ ላይ የልጆች ፕላስቲሲን አድርጉ፣ ቴስታታውን ግጠሙ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ፣ ፈታችሁ የፕላስቲሲኑን ቀጭን ቦታ ለኩ። ከ2 ሚሊሜትር አይነስ። በሁለቱ ቫልቮች መካከልም 1.5 ሚሊሜትር ይኑር፤ በኦቨርላፕ ጊዜ ተቀራርበው ነው የሚያልፉት። አንድ ጥንቃቄ፦ የትዊን ካም ታፔቶች በዘይት ግፊት የሚሠሩ ናቸው። በእጅ ስታዞሩ ይተኛሉ፣ ቫልቩም በሙሉ አይከፈትም፣ ልኬቱም ይዋሻል። ለመለካት ጊዜያዊ ድፍን ታፔት ተጠቀሙ፤ ወይም የቫልቩን ሞላ በልል ሞላ ተኩ።

ካታሎጉ "ሞላ ሳይቀየር ይገባል" ካለ እና ሞተራችሁ ያልተነካ ከሆነ ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል። ጓርኒሲዮን ካሳነሳችሁ ወይም ቴስታታ ካስላጣችሁ ግን አይቀርላችሁም።

6. አብሮ የሚገዛው

ካሙን ብቻ ገዝቶ የሚመጣ ሰው ጋራዥ ሲደርስ ይደነግጣል። የውስጠኛው የካም ኩሽኔታ አብሮ ይቀየራል፤ ዋጋው ትንሽ፣ ቢሰበር ግን ጦሱ ብዙ ነው። ታፔቶቹም ብዙ ኪሎሜትር ከሄዱ ይቀየሩ። ፑሽሮዱን (ከታፔቱ ወደ ቫልቩ የሚገፋውን ዘንግ) በሚስተካከለው ዓይነት ከተካችሁ የቫልቭ ክዳኑን መፍታት አይኖርባችሁም፤ የድሮውን በትልቅ መቁረጫ ቆርጦ ማውጣት ነው። የጉልበት ዋጋ ይቀንሳል።

እስከ 2006 የተሠሩት ሞተሮች ላይ የካም ሰንሰለቱን የሚወጥሩት ባለ ሞላ ጫማዎች በጣም የታወቁ ጠንቆች ናቸው። ያልቁና ፍርፋሪያቸው ዘይት ፓምፕ ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር በዘይት ግፊት ወደሚሠራው ቀይሩት። የ2006 ዳይና ይህን ቀድሞ ስላገኘ ካም ሲታዘዝለት እንደ 2007 ሞዴል ነው የሚቆጠረው። ስታዝዙ ይህን ካልነገራችሁ የማይገባ ካም ይመጣላችኋል።

ሰንሰለቱን ትቶ በጥርስ የሚዞር ካም የሚፈልግም አለ። ያን ጊዜ የክራንክሻፍቱ ጫፍ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ በዳያል መለኪያ ይታይ። ከ0.003 ኢንች በላይ ከሆነ ሐሳቡን ተዉት፤ ጥርሶቹ ይጮኻሉ፣ ይበላላሉም።

7. ሻጩ ጋ ስትደውሉ

የሞተሩን ዓመትና ሞዴል፣ ሲሲውን፣ ኮምፕሬሽኑን፣ ማርሚታውን፣ የሞተር ሳይክሉን ክብደት፣ የምትነዱበትን ዙር፣ የከተማችሁን ከፍታ ንገሩት። ጥሩ ሻጭ እነዚህን ሳይጠይቅ ካም አይመክርም። ካልጠየቃችሁ እና "ይሄ ሁሉም የሚወስደው ነው" ካላችሁ ስልኩን ዝጉ። ተመሳሳይ ሞተር ላይ የተሠራ የዳይኖ ወረቀት ካለውም ጠይቁት። ወረቀቱን ስታዩ ጫፉን ሳይሆን ከ2,500 እስከ 3,500 ያለውን የቶርክ መስመር እዩ። የፈረስና የፓውንድ ጫማ ቶርክ መስመሮች በአንድ መለኪያ ከተሣሉ ሁልጊዜ 5,252 ላይ ይገናኛሉ። ካልተገናኙ ወረቀቱን አትመኑት።

8. ከተገጠመ በኋላ

የድሮው የነዳጅ ፕሮግራም ለድሮው ካም የተጻፈ ነው። አዲሱ ካም የኢንቴኩን ግፊት ስለሚለውጥ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ቁጥር ከሚገባው አየር ጋር አይገጥምም። የነዳጅ ማስተካከያ ዕቃ ገዝታችሁ መጀመሪያ ለካማችሁ የሚቀርበውን ፕሮግራም ጫኑ፣ ከዚያ ዳይኖ ላይ አስተካክሉት። የዚህን ወጪ ከካሙ ጋር አንድ ላይ በጀት አድርጉ። ካርቡራቶር ያለው 88 ከሆነ ጀቶቹ ይቀየራሉ፤ ካንዴላውን እያወጡ ቀለሙን ማየትም ይረዳል።

የትዊን ካም ታፔቶች ሮለር (ካሙ ላይ የሚሽከረከር ጫፍ ያላቸው) ስለሆኑ ልዩ ማለማመጃ አይፈልጉም። ታፔታቸው ጠፍጣፋ የሆነ የድሮ ሞተሮች ግን አዲስ ካም ሲገባላቸው ወፍራም የመገጣጠሚያ ቅባት ተቀብቶ፣ እንደተነሱ ለ20 ደቂቃ ያህል ከ2,000 ዙር በላይ ይያዛሉ፤ ቆመው በቀስታ እንዲሠሩ ከተተዉ ካሙ በመጀመሪያው ቀን ይበላል።

የመጀመሪያዎቹን መቶ ኪሎሜትሮች ከነዳችሁ በኋላ ዘይቱንና ፊልትሩን ቀይሩ። ፊልትሩን ቆርጣችሁ ወረቀቱን በብርሃን እዩት። ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ትንሽ ከሆነ የመገጣጠም ትራፊ ነው። በማግኔት የሚነሳ ፍርፋሪ ካገኛችሁ ግን ሞተሩን አታስነሱት፤ የካም ክዳኑን መልሳችሁ ክፈቱ።